የመኪና መድን እድሳት ሲደርስ፦ የጨመረውን አረቦን መርምሮ የመቀነስ ዝርዝር መመሪያ

የመኪና መድን ውል ሊያበቃ ሲቃረብ የሚመጣው የእድሳት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ድምሩ ላይ ነው፤ ድምሩ ከዓምናው በልጦ ከተገኘ ደግሞ ባለመኪናው እያጉረመረመ ይከፍላል ወይም ተናድዶ ዝቅ ያለ ዋጋ ወደ ጠራለት ሌላ ኩባንያ ይሄዳል። ሁለቱም ውሳኔዎች አንድ ጥያቄ ዘልለው ያልፋሉ፤ ለመሆኑ የጨመረው የትኛው ነው? አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ አንድ ቁጥር ቢመስልም የተሠራው ከብዙ ቁጥሮች ነው፦ ለመኪናው ከተሰጠው ግምት፣ በግምቱ ላይ ከሚሰላው ምጣኔ፣ ከቅናሾች፣ ከተጨማሪ ሽፋኖች፣ ከታክስና ከአገልግሎት ክፍያ። እያንዳንዱ ጭማሪ የራሱ መፍትሔ ስላለው፣ ምንጩ ሳይታወቅ የሚደረግ ክርክርም ሆነ ዝውውር በአብዛኛው ያልታመመውን ቦታ ማከም ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህን ግምት ውስጥ በማስገባት ነው። በምሳሌዎቹ ውስጥ የሚገኙት የገንዘብ መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ስለሆኑ በየትኛውም አገር ገንዘብ ሊታሰቡ ይችላሉ።

1ኛ. ውሉ ከማብቃቱ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት አስቀድመው ይጀምሩ

በመጨረሻው ሳምንት የተጀመረ ፍለጋ ፍለጋ ሳይሆን ሩጫ ነው። መኪናውን ማስመርመር፣ ካለፈው መድን ሰጪ የካሳ ታሪክ ማስረጃ ማጻፍ፣ ከሌሎች ኩባንያዎች ዋጋ መጠየቅና መልሱን ተረጋግቶ ማነጻጸር እያንዳንዳቸው ቀናት ይወስዳሉ። ዋጋ በኮምፒውተር በሚተመንባቸው ገበያዎች ደግሞ ውሉ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከሳምንታት በፊት ከጠየቀው ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ ሊሰጠው ይችላል፤ ምክንያቱም መድን ሰጪዎቹ ከያዙት መረጃ በመነሣት አስቀድሞ የሚዘጋጅን ሰው አደጋው ያነሰ አድርገው ይቆጥሩታል።

የሚያስፈልጉት ሰነዶች ጥቂት ናቸው፦ የዓምናው ፖሊሲ (የመድን ውሉ ሰነድ) ከነዝርዝር መግለጫው፣ የዘንድሮው የእድሳት ማስታወቂያ፣ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ መኪናውን የሚያሽከረክሩት ሰዎች ሁሉ መንጃ ፈቃድ፣ እንዲሁም ባለፉት ዓመታት የቀረቡ የካሳ ጥያቄዎች ዝርዝር።

2ኛ. ዓምናንና ዘንድሮን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጭማሪውን ይበታትኑት

ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለው በአንዱ በኩል የዓምናውን፣ በሌላው የዘንድሮውን ቁጥሮች በተራ ይጻፉ፦ የመኪናው ግምት፣ ምጣኔው በመቶኛ፣ የቅናሹ መጠን፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ሽፋን ዋጋ፣ የራስ ድርሻ (አደጋ ሲደርስ ከኪስዎ የሚሸፍኑት የመጀመሪያ ወጪ)፣ ታክስ። ማስታወቂያው እነዚህን ሳይዘረዝር ድምሩን ብቻ የያዘ ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ዓምና መኪናው 1,000,000 ተገምቶ ምጣኔው 3 በመቶ ስለነበር አረቦኑ 30,000 ሆኖ ነበር። ዘንድሮ ግምቱ 1,300,000፣ ምጣኔው 3.3 በመቶ ሆኖ 42,900 ተጠይቀዋል። ጭማሪው 12,900 ነው። ምጣኔው ባይነካ ኖሮ አዲሱ ግምት በ3 በመቶ ተባዝቶ 39,000 ይሆን ነበር፤ እንግዲህ ከጭማሪው 9,000ው የመጣው መኪናው ስለተወደደ ሲሆን፣ መድን ሰጪው በእርግጥ ዋጋ ጨመረ ሊባል የሚችለው በቀሪው 3,900 ብቻ ነው። «ለምን ይህን ያህል ጨመራችሁብኝ» ብሎ በ12,900ው ላይ የሚከራከር ሰው መልሱ «መኪናዎ እኮ ተወዷል» የሚል ይሆንበታል፤ በ3,900ው ላይ ጥያቄ ያነሣ ግን መልስ ሊሰጠው የሚገባ ሰው ይሆናል።

የምጣኔው መጨመር ራሱ ሁለት ዓይነት ምክንያት አለው። አንደኛው በእርስዎ ላይ ያልተመሠረተ ነው፦ የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ መናር፣ የስርቆትና የጎርፍ ጉዳት መብዛት፣ መድን ሰጪዎች ራሳቸው ለጠለፋ መድን (እነሱም በተራቸው ከሌላ መድን ሰጪ ለሚገዙት መድን) የሚከፍሉት ዋጋ መጨመር፣ የመኪኖችም መራቀቅ ጭምር። ዱሮ የፊት መስታወት ሲሰበር ወጪው የመስታወቱና የገጣሚው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከመስታወቱ ጀርባ ካሜራ የተገጠመላቸው መኪኖች መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ በመከላከያው ውስጥ የተቀበሩት ሴንሰሮችም ቀላሉን ግጭት ከባድ ሒሳብ ያደርጉታል። ሁለተኛው ምክንያት የእርስዎ የራስዎ ነው፦ ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ አዲስ የተጨመረ ወጣት አሽከርካሪ፣ የአድራሻ ወይም የአገልግሎት ለውጥ። ለመጀመሪያው ዓይነት መፍትሔው ሌሎች ኩባንያዎችን መጠየቅ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ግን የትም ቢሄዱ ተከትሎ ስለሚመጣ መፍትሔው ራሱን ነገሩን ማስተካከል ነው።

3ኛ. የመኪናውን ግምት ያስተካክሉ፤ ነገር ግን ዝቅ አድርገው አያስገምቱ

ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት ይችላል። ከገበያ ዋጋው በላይ የተገመተ መኪና ባለቤት በከንቱ ይከፍላል፤ መድን የደረሰን ጉዳት ይክሳል እንጂ ትርፍ አይሰጥምና፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም በመደበኛ ውል የሚከፈለው በአደጋው ጊዜ የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። አስቀድሞ በስምምነት የተወሰነ ዋጋ የሚከፈልበት ውልም አለ፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከፖሊሲው ላይ ማረጋገጥ ይገባል።

ብዙዎችን የሚጎዳው ግን ሌላው ስሕተት ነው። አረቦን ለመቀነስ ሲባል መኪናን ከዋጋው በታች ማስገመት ብልሃት ይመስላል። ብዙ ፖሊሲዎች ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ካሳው በተመጣጣኝ እንዲቀነስ የሚያዝ አንቀጽ አላቸው። 1,000,000 የሚያወጣ መኪና በ600,000 ቢመዘገብ መድን የተገባው ለ60 በመቶው ብቻ ነው ማለት ነው። በአደጋ የ200,000 ጉዳት ቢደርስ መድን ሰጪው «ከ600,000 በታች ነውና ሙሉውን ልክፈል» አይልም፤ የ200,000ውን 60 በመቶ፣ ማለትም 120,000 አስልቶ ከዚያ ላይ የራስ ድርሻን ይቀንሳል። የራስ ድርሻው 10,000 ከሆነ እጅዎ የሚገባው 110,000፣ ከኪስዎ የሚወጣው 90,000 ይሆናል። በአረቦን ላይ የተቆጠበችው ጥቂት ሺሕ በአንድ ቀን እንዲህ ትበላለች።

ስለዚህ ተመሳሳይ የስሪት ዘመን፣ ተመሳሳይ የኪሎ ሜትር ንባብና ተመሳሳይ ይዞታ ያላቸው መኪኖች አሁን የሚሸጡበትን ዋጋ ከሦስት አራት ቦታ ሰብስበው መካከለኛውን ይያዙ። መድን ሰጪው ያስቀመጠው ግምት ከዚህ ከራቀ ማስረጃዎን አቅርበው እንዲስተካከል ይጠይቁ።

4ኛ. ስለ እርስዎና ስለ መኪናው የተመዘገበው መረጃ እውነት መሆኑን ያረጋግጡ

መድን ሰጪው የሚያሰላው በመዝገቡ ላይ ባለው መረጃ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ያረጃል። ዓመቱን ሙሉ ቤት ሆነው የሚሠሩ ሰው መኪናቸው አሁንም በየቀኑ ሥራ ቦታ እንደምትመላለስ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ከቤት የወጣ ልጅ እስከ ዛሬ አሽከርካሪ ተብሎ ተጽፎ፣ ዱሮ መንገድ ዳር ታድር የነበረች መኪና አሁን የተዘጋ ግቢ ውስጥ እያደረች፣ የተገጠመላት መከታተያ መሣሪያ ሳይነገር ቀርቶ ይሆናል። ለእነዚህ የሚሰጠው ክብደት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ የመኪና አረቦን ሲተመን በቅድሚያ የአሽከርካሪው የማሽከርከር ታሪክ፣ ቀጥሎ በዓመት የሚነዳው ርቀት፣ ከዚያም የማሽከርከር ልምዱ እንዲታይ ያዝዛል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከዲሴምበር 21 ቀን 2012 ወዲህ በሚገቡ አዳዲስ ውሎች ጾታ ለአረቦን መለያ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል። በሚኖሩበት ቦታ የትኞቹ ነገሮች እንደሚታዩ መጠየቅ የትኛውን መረጃ ቀድሞ ማደስ እንደሚጠቅም ያሳያል።

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ልጥቀስ። በአንድ ዓመት ጭማሪው ምክንያቱ ስላልገባኝ ዝርዝሩን ሳስመጣ፣ የቆመች መኪናዬን ሌላ አሽከርካሪ የገጨበት አደጋ በእኔ ጥፋት እንደደረሰ ሆኖ ተመዝግቦ አገኘሁት። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ኮፒ አያይዤ ሳቀርብ ታረመ፤ ቅናሹም ተመለሰ። እኔ ባልጠይቅ ማንም ሊያርመው አይነሣም ነበር።

መረጃን ማደስ ግን መረጃን ማሳመር አይደለም። የመድን ውል በሙሉ ቅን ልቦና ላይ የቆመ ነው፤ በክፍያ ሰው የሚጭኑባትን መኪና «የግል» ብሎ ማስመዝገብ፣ ወይም በአብዛኛው ወጣቱ ልጅ የሚነዳትን መኪና አባት ዋና አሽከርካሪ ነው ብሎ መጻፍ አረቦኑን ለጊዜው ይቀንስ እንጂ አደጋ ሲደርስ ካሳው እንዲከለከል ወይም ውሉ እንዲፈርስ ምክንያት ይሆናል።

5ኛ. የራስ ድርሻን ከፍ ማድረግ ያዋጣ እንደሆነ ያስሉ

አንዳንዶች ኤክሰስ የሚሉት የራስ ድርሻ በእያንዳንዱ አደጋ መድን ገቢው ራሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያው ወጪ ነው። ድርሻው ከፍ ሲል አረቦኑ ይቀንሳል። ምን ያህል ይቀንሳል የሚለው ግን በግምት የሚተው አይደለም። የራስ ድርሻው ከ5,000 ወደ 20,000 ሲያድግ አረቦኑ በዓመት 3,000 የሚቀንስ ከሆነ፣ ተጨማሪው የ15,000 ኃላፊነት የሚካካሰው ያለ አደጋ አምስት ዓመት ከተቆየ ነው። ላለፉት አሥር ዓመታት ካሳ ጠይቆ ለማያውቅ ሰው ይህ ጥሩ ውል ነው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚጋጭ ሰው ግን ይከስርበታል። መድን ሰጪው በግዴታ የሚጥለውና እርስዎ በፈቃድዎ የሚጨምሩት ድርሻ ተደምረው እንደሚቆረጡም አይርሱ። ድምሩን ነገ ጠዋት አውጥተው መክፈል ካልቻሉ ድርሻውን ከፍ ማድረጉን ይተዉት፤ ጋራዥ ገብታ በገንዘብ እጦት የማትወጣ መኪና መድን ኖራትም አልኖራትም ያው ናት።

6ኛ. ሽፋኑን ይከልሱ

የራስንም መኪና ጉዳት ከሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና፣ በሌሎች ላይ የሚደርስን ጉዳት ብቻ ወደሚሸፍነው ሦስተኛ ወገን መድን መውረድ የሚታሰበው መኪናዋ ስታረጅ ነው። መኪናዋ 150,000 ታወጣለች፣ የራስ ድርሻው 10,000 ነው እንበል፤ ሙሉ ዋስትናው በዓመት 16,000፣ የሦስተኛ ወገኑ 5,000 ቢሆን፣ በ11,000 ልዩነት የሚገዙት መብት ቢበዛ 140,000 የማግኘት መብት ነው። ይህ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። በእኔ አስተያየት ይህ መጠን ከ10 በመቶ ካለፈና መኪናዋን በራስ አቅም መተካት ከተቻለ ሙሉውን ዋስትና መተው ምክንያታዊ ነው። መኪናዋ በብድር የተገዛች ከሆነ ግን አበዳሪው በውሉ ሙሉ ዋስትናን ግዴታ አድርጎ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። በአንዳንድ ገበያዎች ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን የሚገዙት በብዛት አደጋ የሚያደርሱ አሽከርካሪዎች ስለሆኑ ዋጋው ከሙሉ ዋስትና ጋር ሲቀራረብ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሳይጠይቁ አይወስኑ።

የሚነካካውና የማይነካካው ግን ይለይ። የመጎተቻ አገልግሎት፣ የምትክ መኪና ኪራይ፣ የሬዲዮና የጌጣጌጥ ሽፋን ሊቀነሱ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል፣ ለምሳሌ በባንክ ካርድ ወይም በአምራቹ ዋስትና፣ ተመሳሳዩን አገልግሎት ቀድመው አግኝተው ከሆነ ሁለት ጊዜ እየከፈሉ ነው። በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተቀመጠውን የኃላፊነት ጣሪያ ግን ለቁጠባ ብለው ዝቅ አያድርጉ። የራስ መኪና ቢጠፋ ኪሳራው በመኪናዋ ዋጋ ይቆማል፤ በሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ግን ማቆሚያ የለውም።

7ኛ. ካሳ ባለመጠየቅ የሚገኘውን ቅናሽ ይጠብቁ

ያለ ካሳ ጥያቄ ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት ቅናሽ ያስገኛል፤ አንድ ጥያቄ ደግሞ የብዙ ዓመቱን ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። መነሻ አረቦኑ 40,000 ሆኖ፣ ካሳ ሳይጠይቁ ቢቆዩ ቅናሹ በሚቀጥለው ዓመት 30 በመቶ፣ በዓመቱ ደግሞ 40 በመቶ ቢደርስ ክፍያው 28,000፣ ከዚያም 24,000 ይሆናል። 15,000 የሚያስወጣ የበር ጭረት ደረሰ፤ የራስ ድርሻው 5,000 ነው፤ ካሳ ቢጠይቁ የሚያገኙት 10,000 ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቅናሹ ወደ 10 በመቶ ቢወርድ በሚቀጥለው ዓመት 36,000 ይከፍላሉ፤ በዓመቱም 24,000 መክፈል ሲገባዎት፣ ቅናሹ 20 በመቶ ብቻ ደርሶ 32,000 ይከፍላሉ። በሁለት ዓመት 16,000 ሰጥተው 10,000 ተቀበሉ ማለት ነው። ስለዚህ አነስተኛ ጉዳት ሲደርስ ካሳ ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ስሌት በእጅዎ ይሥሩት።

ሁለት ነገሮች ግን ከስሌቱ በላይ ናቸው። ሰው ከተጎዳ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ከተነካ ለመድን ሰጪው ወዲያው ማሳወቅ ግድ ነው፤ ዛሬ «ምንም አልሆንኩም» ያለ ሰው ከወራት በኋላ ክስ ሊያቀርብ ይችላልና። ካሳ የማይጠይቁበትን አደጋ ጭምር እንዲያሳውቁ ፖሊሲው የሚያስገድድ ከሆነም ያሳውቁ።

8ኛ. ከሌሎች ዋጋ ይጠይቁ፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ይመዝኑ

አንድ ገጽ ላይ ግምቱን፣ የሚፈልጉትን ሽፋን፣ የራስ ድርሻውን፣ የአሽከርካሪዎቹንና የካሳ ታሪኩን ጽፈው ያንኑ ገጽ ለሦስት ወይም ለአራት ኩባንያዎች ይስጡ። ለእያንዳንዱ በቃል የተለያየ ነገር ተነግሮት የመጣ ዋጋ አይነጻጸርም። የመድን ወኪል የሚሠራው ለኩባንያው ሲሆን፣ የመድን ደላላ ግን በደንበኛው ስም ከብዙ ኩባንያዎች ያፈላልጋል፤ ልዩነቱን ማወቅ ምክራቸውን ለመመዘን ይረዳል።

ዝቅተኛው ዋጋ ሲገኝ መነበብ ያለበት ዋጋው ሳይሆን የማይሸፈኑ ጉዳቶችን የሚዘረዝረው ክፍል ነው። ጎርፍ አለበት? መለዋወጫው አዲስ ይገባል ወይስ በእርጅና ይቀነሳል? ጋራዡን የሚመርጠው ማን ነው? ከተጠቀሰው አሽከርካሪ ሌላ ሰው ቢይዛትስ? ካሳ ጠይቀው የሚያውቁ ሰዎችን አነጋግሮ ክፍያው ምን ያህል እንደሚዘገይ መስማትም ከማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል።

9ኛ. ወደ ነባሩ መድን ሰጪ ተመልሰው ይደራደሩ

ብዙ ሰው ታማኝ ደንበኛ መሆኑ ዋጋ እንደሚያስቀንስለት ያምናል። በብዙ ገበያ የታየው ተቃራኒው ነው፤ አዲስ ደንበኛ በርካሽ ተስቦ ይገባና በየእድሳቱ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። በብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በመኪናና በቤት መድን ነባር ደንበኛ ለእድሳት የሚጠየቀው ዋጋ ለአዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው እንዳይበልጥ እስከ መከልከል የደረሰው በዚህ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ሲደራደሩ በደረጃ 2 የተዘጋጀውን ወረቀትና ከሌላው ኩባንያ የመጣውን የጽሑፍ ዋጋ ይዘው ይቅረቡ። «ግምቱ መጨመሩን ተቀብያለሁ፤ ምጣኔው ከ3 ወደ 3.3 በመቶ ያደገበትን ምክንያት ግን ይግለጹልኝ፤ ይኸው ሽፋን በሌላ ቦታ በ3 በመቶ ተሰጥቶኛል» የሚል አነጋገር በትሕትና ቢነገር ከቁጣ የበለጠ ይሠራል። ምጣኔው አይነካም ቢባሉ እንኳ የመከታተያ መሣሪያ፣ ሁለተኛ መኪና ወይም የቤት መድን በአንድነት ማስገባት የሚያስገኘው ቅናሽ ካለ ይጠይቁ። የተስማሙበትን ሁሉ በጽሑፍ ይቀበሉ።

10ኛ. አከፋፈሉን ይምረጡ

በየወሩ መክፈል ቀላል ቢመስልም በአብዛኛው ብድር ነው። በአንድ ጊዜ 36,000 የሚከፈለው አረቦን በወር 3,300 ቢከፋፈል በዓመት 39,600 ይሆናል። ጭማሪው 10 በመቶ ይመስላል፤ ዕዳው ግን በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትክክለኛው የዓመት ወለድ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ለዘንድሮ ካልተቻለ ለከርሞው አረቦን በየወሩ የአሥራ ሁለተኛውን እጅ ለብቻ ማስቀመጥ ይህን ወጪ ያስቀራል።

11ኛ. ከተዛወሩ ክፍተት አይተዉ

አዲሱ ውል የሚጀምርበት ሰዓት አሮጌው ከሚያበቃበት ሰዓት ጋር መግጠም አለበት። ነባሩ ውል በራሱ የሚታደስ ከሆነ እንደማይቀጥሉ በጽሑፍ አስቀድመው ያሳውቁ፤ አለዚያ ለሁለት ኩባንያ ይከፍላሉ። ዓመቱ ሳያልቅ ማቋረጥ ካሰቡ ተመላሹ በቀሩት ቀናት ልክ ላይሆን ስለሚችል የሚቆረጠውን አስቀድመው ይጠይቁ። የካሳ ታሪክ ማስረጃውንም ሳይዙ አይውጡ፤ አዲሱ ኩባንያ ቅናሹን የሚሰጠው እሱን አይቶ ነው።

ከገበያው ሁሉ እጅግ የረከሰ ዋጋ በማኅበራዊ ሚዲያ ወይም በስልክ ያቀረበልዎት ሰው ካለ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት በኩባንያው ይፋዊ ስልክ ደውለው የፖሊሲ ቁጥሩን ያረጋግጡ፤ ሐሰተኛ ፖሊሲ የሚሸጡ አጭበርባሪዎች በብዙ አገር አሉ፣ ገዢውም የሚያውቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ፖሊሲው ሲደርስዎት የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር፣ ግምቱንና የራስ ድርሻውን ደግሞ ከተስማሙበት ጽሑፍ ጋር አመሳክረው፣ ስሕተት ካለ በዚያው ቀን ያሳርሙ፤ ከዚያም ደረጃ 2 ላይ የሠሩበትን ወረቀት ከፖሊሲው ጋር አያይዘው ያስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት «ዓምና» የሚለው ረድፍ ተሞልቶ ይጠብቅዎታል።